በየትኛውም ክፍል ያልተጻፈ ስም

ላሊበላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ከፋለ
መተከል፣ ሰፈራ መንደር

ከተራራው ማዶ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። በዚያ በሙቀት አገር ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ የቅዱስ ላሊበላ ጸሎት ጠብቆን ደኅና ነን። እናቴ ሸጌ ከልብ ሰላም ብላለች። ገብሱ ዘንድሮ አልከፋም፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

ደኅና ነን ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፤ በራሴ አፍ የሠራሁት ጥፋት አለ።

እንደሚያውቁት፣ ወረቀት ሲጠፋ ወደ ሰፈራ ለሄዱት አሥራ ሰባት ቤተሰቦች አንድ ደብተር ይበቃል ብለው እርስዎ ከጀመሩት ወዲህ፣ ነጋዴው ሸዕባን ደብተሩን ባመጣ ቁጥር እሑድ ከሰዓት በመሠረተ ትምህርት ጣቢያው እንሰበሰባለን። አንባቢው እኔ ነኝ። ሁሉም ያሻውን ባሻው ቦታ ስለሚጽፍ፣ ሰው የራሱን ወሬ ለማግኘት እስኪመሽ ቁጭ ይላል። የበሬ ነገር የሚጠብቀው የሰርግ ወሬ ይሰማል፤ ሰርግ የምትጠብቀዋ የወሰን ክርክር ትሰማለች። ያም ሆኖ ማንም አይሄድም፤ ምናልባት ቀጣዩ መስመር የእሱ ይሆናላ።

ባለፈው ወር የመጣው ደብተር አራተኛ ገጹ ላይ ስለጠፋችው በቅሎ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ በቅሎዋ የካድሬውን ባርኔጣ በላች የሚለው ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከበቅሎዋ ቀጥሎ በዚያው መስመር ላይ «የአመተ ማርያም ባል በፍልሰታ አረፈ፤ ቀብረነዋል» ይላል። ዓይኔ አፌን አልቀደመውም። አነበብኩት።

አመተ ማርያም ከፊት ተቀምጣ ነበር። በበቅሎዋ የሳቀችው ሳቅ ገና ከፊቷ አልጠፋም።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእርስዎ አልነግርዎትም። የንስሐ አባቷ ማለዳ ቤቷ ሄደው፣ ሽማግሌና ዘመድ ተከትሏቸው፣ ከመሬት የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ ሊነግሯት ይገባ ነበር። እኔ በአደባባይ፣ በሳቅ መሐል ነገርኳት። በሰልስቱ ልደርስ ስሄድ ጠርታኝ፣ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልጄ። ግን ለሌላ ሰው እንዲህ አታንብብ» አለችኝ።

ስለዚህ አዲስ ደብተር ገዝቼ በክፍል በክፍል ለየሁት፤ የየክፍሉ መጀመሪያ እንዲታወቅ ጠርዙ ላይ በቀለም ክር ሰፋሁበት። ሰላምታ ለብቻው ነው። ቀጥሎ የሚፈለጉ ሰዎች፣ ከዚያ እርሻና ከብት፣ ከዚያ ጋብቻና ክርስትና፣ ከዚያ ክርክር። መጨረሻ ላይ «ያረፉ» የሚል ክፍል አለ። ገጾቹን በክር አስሬያቸዋለሁ። እሱን በጉባኤ አላነበውም፤ ለብቻዬ እከፍትና የክርስቲያኑን ለመምሬ ክንፉ፣ የእስላሙን ለሼህ አብዱልሀሚድ አደርሳለሁ። እነሱ እንደ ባህሉ ያደርሳሉ። እባክዎ ሰዉን ያስለምዱልኝ። ማንም ከክፍሉ ውጭ አይጻፍ።

አሁን የራሴን ልጠይቅ። ወንድሜ ደርበው ከሰኔ ወዲህ በደብተሩ ላይ አንድ መስመር አልጻፈም። አባታችን በሰባ ሰባት ካረፈ ወዲህ ለእኔ አባትም ወንድምም እሱ ነው። እርዳታው ለሦስታችን አልደርስ ሲል፣ አንተ ተማር ብሎኝ ከእርስዎ ጋር የሄደውም ለዚሁ ነው። ምን ሆኖ ነው? እናቴ በእጁ አንድ ቃል ቢጽፍ ይበቃኛል ትላለች።

ልጅዎ ታፈረ ንጋቱ


መተከል፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለታፈረ ንጋቱ
ላሊበላ

የአባቶቻችን አምላክ ቤታችሁን አይርሳ። ለእናትህ ለሸጌ እጅ እነሣለሁ። እኔም ከወባው ተነሥቼ፣ አንድ ቀን እየሠራሁ አንድ ቀን እየተኛሁ አለሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል። አገሩ ለእህል ደግ ነው።

ደብዳቤህን ሰዉን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ስለ አመተ ማርያም የጻፍከው ጋ ስደርስ ያንን መስመር የጻፈው ሰውዬ ተነሥቶ ሄደ። አትፍረድበት። ከበቅሎዋ ወሬ በኋላ ግማሽ መስመር ተርፎት፣ ወረቀት እንዳይባክን ብሎ ነው የጻፈው።

ክፍሎችህን ሰው እንዲለምዳቸው ማድረግ ወይፈን ቀንበር ከማስለመድ ይብሳል። ገለቴን ታስታውሳታለህ፣ ከቤታችሁ በላይ የነበረችው። በየትኛው ክፍል ልጻፍልሽ ስላት፣ «ሰላምታም አለኝ፣ ሰውም እፈልጋለሁ፣ ከብትም ነበረኝ። እኔን ስንት ቦታ ልትቆራርጡኝ ነው?» አለችኝ። አሊ ደግሞ ሰላምታ ክፍል ውስጥ ገብቶ ለወንድሙ ግማሽ መስመር ሰላምታ ካስጻፈ በኋላ አንድ ገጽ ሙሉ የበቅሎ ኮርቻ ክስ አስከተለ። ይህ ወደ ክርክር ይሂድ ስለው፣ «ወንድሜ እኮ ነው፣ ከወንድሜ ጋር የምከራከረው በሰላምታ ነው» አለ። አስወጣሁበት። አሁን አይናገረኝም።

ካድሬያችንም ደብተሩን አይቶ «ክርክር» የሚለውን ክፍል አልወደደውም። ሰፋሪ ምን የሚከራከርበት አለው አለኝ። ስለዚህ ስሙን «ምክክር» ብለነዋል። ክርክሩ ያው ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ነገሩ እየገባቸው ነው። ምሽት ላይ ሳይሆን ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ወደ እኔ ሲመጡ ገና ከሩቅ «ለእርሻ» «ለጋብቻ» እያሉ ይመጣሉ። አንዱ የሌላውን ጥያቄ እዚያው ያየዋል። ስለ ሰሊጥ ሦስት ሰው ጠይቆ ነበርና አንድ መልስ ለሦስቱም በቃ። ጥሩ ሠራህ ልጄ። ከእኛ ከሽማግሌዎቹ የበለጠ አሰብክ።

በታሰረው ክፍል ውስጥ ሦስት ስም ጽፌያለሁ። ለብቻህ ክፈተውና ለመምሬ ክንፉ አድርስ። ገጹን ከመክፈትህ በፊት አማትብ።

ጥቂት የምጠይቅህ አለኝ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የምትፈተነው በየትኛው ወር ነው? እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገባ? መምሬ ክንፉ የእናንተም የቤታችሁ የንስሐ አባት ናቸው ወይስ ሌላ? አክስትህ ከእናትህ ጋር ታድራለች? እነዚህን ሳትረሳ መልስልኝ። ትምህርትህን እንዳትተው፤ ሌላውን ሁሉ ተውና እሱን ያዝ።

አጎትህ ከፋለ


ላሊበላ፣ የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ከፋለ

ዐቢይ ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ የደረሰን በጥር መጨረሻ ነው። ሸዕባን መንገድ ተዘግቶበት ወልድያ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ነበር። ይህንን የምጽፈው በደብተሩ ላይ አይደለም፤ ሸዕባን በእጁ እንዲሰጥዎት ለይቼ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይረዱታል።

በመጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። ፈተናው በሰኔ አጋማሽ ነው። እህሉ ገብቷል። መምሬ ክንፉ የእኛም የንስሐ አባት ናቸው። አክስቴ ወደ ኩልመስክ አግብታ ስለሄደች ከእናቴ ጋር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ደብተሩ ሰውን እንዴት እንዳሳረፈው ቢያዩ። ሁሉም የክፍሉን ተራ አውቆ ይመጣል። እርሻና ከብት ሲነበብ ወንዶቹ ወደ ፊት ይጠጋሉ፣ ጋብቻና ክርስትና ሲሆን ሴቶቹ ያባርሯቸዋል። የሚፈለጉ ሰዎች ሲነበብ ግን ማንም አይነቃነቅም። ባለፈው አንዲት ባልቴት የጠፋች ልጇን ፈልጋ አስጽፋ ነበር፤ ከሙጃ ለገበያ የመጣ ሰው ሰምቶ የልጅቱን ስም አውቀዋለሁ አለ። ዶሮ አሳርዳ ጠራችን። ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው።

ሦስቱን ስሞች አደረስኩ። መምሬ፣ ስሙን ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህና ከኋላ ተከተል አሉኝ። ሦስት ማለዳ ደብተሩን በነጠላ ሸፍኜ ከኋላቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አመተ ማርያም በሦስቱም ቀን ሳትጠራ መጥታ ሴቶቹን ደግፋ ያዘች። ከባድ ነው ጋሼ፤ ሆኖም እንደ መጀመሪያው አይደለም።

አሁን ወደ ደርበው። ስለ እሱ ጠይቄዎት አንድም ቃል አልመለሱልኝም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ክፍሎቹን በሙሉ ገልጬ ፈለግሁት። ሰላምታ ውስጥ የለም። እርሻ ውስጥ የለም። የታሰረውንም ደግሜ ከፈትኩት፤ እዚያም የለም። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳስብ አድሬ ገባኝ። እርስዎ የረሱ ሰው አይደሉም። ካድሬው ደብተሩን እንደሚያይ ነግረውኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሰፈራ ጠፍተው በእግራቸው የተመለሱ ሁለት ሰዎች በወገል ጤና ከተማ በኩል አልፈዋል ይባላል፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም። እርስዎም የደርበውን ስም ያልጠሩት እንዳይያዝ ብለው ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም፤ የሚፈለጉ ክፍል ውስጥ ጻፈው እያለች ነዘነዘችኝ። ከጻፍነው እኮ ፈላጊው እኛ ብቻ አንሆንም ብዬ ከለከልኳት። አሁን አምናለች። በየገበያው ቀን የወልድያ መንገድ የሚታይበት ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ጋቢውን አጥባለች። መደቡ ላይ እኔ እተኛበት የነበረውን ስፍራ አስለቅቃኝ ለእሱ አንጥፋለች፤ እኔ መሬት ነው የምተኛው፣ ደስ እያለኝ።

እኔም እሱ የማይመስለኝ ጥላ የለም። ቀኝ ትከሻው ዘንበል ያለ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈኑን አልተወ ይሆን? ከትምህርት ቤት ስመለስ ቶሎ ወደ ቤት አልገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ድምፁን አዳምጣለሁ፤ ምናልባት ዛሬ ገብቶ ከእናቴ ጋር እያወራ ይሆናል እያልኩ።

ምንም አይጻፉልኝ። ዝምታዎን እንዳነበብኩት ብቻ እንዲያውቁ ነው።

ልጅዎ ታፈረ


መተከል፣ ግንቦት 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምሬ ክንፉ
በሸዕባን እጅ፣ ለብቻቸው ይሰጥ

አባቴ ሆይ፣ መስቀልዎን በሩቁ እሳለማለሁ። ይፍቱኝ፤ በድያለሁ።

የንጋቱ ልጅ ደርበው ባለፈው ዓመት ነሐሴ 24 ቀን በወባ አርፏል። ሦስት ቀን ነው የታመመው። እኔም በዚያ ሳምንት በዚያው በሽታ ወድቄ ራሴን አላውቅም ነበር፤ አጠገቡ አልነበርኩም። ስነሣ ቀብረውት ቆዩኝ። ሰዎች እየተፈራረቁ ውሃ ሲያጠጡት ነበር ብለውኛል፤ እነማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም፤ ያኔ ከየቤቱ ሰው ይወድቅ ነበርና የሚያስታውስ የለም። የተቀበረው ከመንደሩ በላይ ካለው የዋርካ ዛፍ ሥር ነው። ቄስ ፈትቶታል።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ይጠይቁኛል። ታፈረ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ለእርስዎ ልልክ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን ደብተሩን በክፍል ለየው፤ ያረፉትንም ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ሆነ። የወንድሙን ስም እዚያ ብጽፈው ብቻውን፣ በወረቀት፣ ማንም ሳይይዘው ሊያነበው ነው። የሰውን መርዶ ከአደባባይ ያዳነ ልጅ የራሱ እንዲህ አይድረሰው አልኩ። ከዚያም ፈተናውን ይጨርስ አልኩ። በኛ ዘንድ ለተማሪ ከፈተና በፊት መርዶ አይነገርም፤ እርስዎም ያውቁታል።

ዝም ብል የሚረዳኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዝምታዬን ወንድሙ አምልጦ እየመጣ ነው ብሎ ተረጎመው። እናቱንም አሳመናት። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። አንድ ስም ከየክፍሉ ሳጎድል ያን ያህል ተስፋ እንደምጽፍ አላወቅሁም።

ፈተናው እንዳለቀ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እርስዎ ይሂዱላቸው። ይህ ደብዳቤ በደብተሩ መሐል ሆኖ በእሱ እጅ እንዳይገባ፣ ደብተሩን አብሬ አልላክሁም። የሚያነብለት ሰው ለሌለው ልጅ እርስዎ ያንብቡለት።

ኃጢአተኛው ከፋለ


ላሊበላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፋለ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለመምሬ የጻፉትን ሰጥተውኝ አንብቤዋለሁ።

መልስ ለመጻፍ የዘገየሁት ተቆጥቼ ስለነበር ነው። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ቁጣዬ የሚሄድበት ሰው አጣሁ፤ እርስዎ ዝም ቢሉ፣ ያንን ዝምታ አስውቤ ለእናቴ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ።

እንዲህ ሆነ። ፈተናው ባለቀ ሳምንት፣ ሐሙስ ማለዳ ነው። ፊቴን ልታጠብ ወጥቼ መምሬ ክንፉ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አመተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቁልቁል ሲመጡ አየሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ ሌላ መርዶ መጥቷል፣ ዛሬ የማን ቤት ይሆን የሚል ነበር። ነጠላዬን አንሥቼ ከኋላቸው ልከተል መንገዱ ዳር ቆምኩ። እነሱ ግን አላለፉኝም። ያኔ ገባኝ። እኔን ሳይጠሩ ነው የመጡት።

መምሬ ምንም ከመናገራቸው በፊት አመተ ማርያም ከኋላዬ ሆና በሁለት እጇ ያዘችኝ። አልወደቅሁም። መውደቅ እንኳ አልቻልኩም፤ አጥብቃ ነው የያዘችኝ።

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስንት ቀኑ ነው?» ብላ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው ሲሏት፣ «ታዲያ እኔ መንገድ ላይ የነበርኩት ማንን ብዬ ነው?» አለች። እኔንም አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ደርበውን ሁለት ጊዜ ያጣሁት ይመስለኛል። አንዱ የእናንተ ነሐሴ ነው፤ ያኔ እኔ ምንም ሳላውቅ አረም እያረምኩ ነበር። ሌላው ከአጥር ውጭ ቆሜ ድምፁን ሳዳምጥ የነበርኩበት ያ ጊዜ ነው፤ እሱም ሞተ። እስካሁን ከትምህርት ቤት መንገድ ስመለስ እግሬ እዚያው ቦታ ይቆማል። ምን እንደምሰማ አላውቅም።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ለመስከረም ወልድያ ትምህርት ቤት ትገባለህ ተብያለሁ። ይህንን የምነግረው ሰው ስፈልግ ነበር፤ እንግዲህ ለእርስዎ ነገርኩ።

ደብተሩን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነበር። መምሬ አልፈቀዱም። በዚህ ጊዜ ግን አዲስ ሥርዓት አወጣን፤ የታሰረውን ክፍል ከእንግዲህ ብቻዬን አልከፍትም። መምሬና ሼህ አብዱልሀሚድ አብረው ተቀምጠው ነው የሚከፈተው። የአንባቢውም ስም ሊኖርበት ይችላልና። የደርበውን ስም እዚያ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልወደድኩም።

ባለፈው እሑድ ከአርባው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነብ እናቴ መጣች። ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ሰላምታውን ጨርሼ የሚፈለጉ ሰዎች የሚለውን ስጀምር ተነሥታ ወደ ፊት መጣች።

«ጻፍ» አለችኝ።

ምን ልጻፍ ብላት፣ ሰው እፈልጋለሁ ብለህ ጻፍ አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ልቧ ገና አላመነም ብለው ነው፤ እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ፣ እማ፣ እዚህ ክፍል በሕይወት ያለ ብቻ ነው የሚገባው አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የምፈልገው ልጄን አይደለም። ያጠጣውን ሰው ነው።»

እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚመጣው ደብተር ላይ የሚያገኙት የእሷ ቃል ይህ ነው፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

«ሸጌ የምትባል የላሊበላ ሴት ሰው ትፈልጋለች። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር ልጇ ደርበው በወባ ተኝቶ ሳለ ውሃ ያቀበለው ሰው ስሙን ያስጽፍላት። ወንድም ይሁን ሴት፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም። አንድ ጊዜ ብቻ ያቀበለም ቢሆን። ምን ብሎ እንደጠየቀው፣ ጠጥቶም ምን እንዳለ ይንገራት። ምንም ካላለም ምንም አላለም ይበላት።»

ጋሼ፣ ይህንን በየቤቱ እየዞሩ እንዲያነቡልን እለምንዎታለሁ። ሰው ሲያስታውስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አያጣድፏቸው። ከተገኘ በራሱ ቃል ይጻፉት፣ አያሳምሩት።

ካልተገኘ ደግሞ እናቴን ለማጽናናት ብለው ስም አይፍጠሩልን፤ ዝምም አይበሉን። ገጹ ላይ «ተጠይቆ አልተገኘም» ብለው፣ ከሥሩ ሰፊ ቦታ ትተው ይመልሱልን። በሚቀጥለው ዙር ደግመን እንልከዋለን።

እናቴ በእርስዎ ቂም የለኝም በልልኝ ብላለች። እኔም አንድ ቀን እንደዚያ እላለሁ።

የደርበው ወንድም
ታፈረ ንጋቱ